ምዕራፍ ሰባት፦ ስለ ፓርኪንሰን ሕሙማን የአፍና የጥርስ አጠባበቅ

ፓርኪንሰን የሚባለው የነርቭ ደዌ ወደ አንድ ቤት በገባ ጊዜ የቤተ ሰቡ ዓይንና አሳብ በሙሉ በሚንቀጠቀጠው እጅ፣ በሚጎተተው እግርና በሰዓቱ ሊዋጥ በሚገባው ኪኒን ላይ ስለሚያርፍ፣ የታማሚው አፍ፣ ማለት ጥርሱ፣ ድዱ፣ ምላሱና ምራቁ፣ የሚያስብለት ሰው ሳያገኝ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ የሚታሰበውም ጥርሱ ከሥሩ በስብሶ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ሲነሣ ወይም ጉንጩ አብጦ ዓይኑን ሲሸፍን ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ አፉን ከፍቶ ለመቆየት፣ ራሱን አጽንቶ ለመያዝ፣ የተጎነጨውን ውሃ ያለ ትንታ ለመዋጥ የነበረው ኃይል ደክሞ ይገኛልና፣ ከጥቂት ዓመታት አስቀድሞ በግማሽ ሰዓት ይፈጸም የነበረው ሥራ ለሐኪሙም ለታማሚውም ከባድ ፈተና ይሆናል። የአፍ አጠባበቅ በሽታው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ከሕክምናው እንደ አንዱ ክፍል ሊቈጠር ይገባዋል የምንለው ስለዚህ ነው፤ የዚህም ምዕራፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋልነው እኛ አይደለንም። በሎንዶን ከተማ ሐኪም የነበረው ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 (በዚህ ምዕራፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ስለዚህ ደዌ ባሳተመው አጭር ድርሳን፣ ስድስት ሕሙማንን ብቻ፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹን በመንገድ ሲያልፉ ተመልክቶ፣ የእጃቸውን መንቀጥቀጥና የአካሄዳቸውን መጣደፍ ከገለጸ በኋላ፣ ደዌው ሲጠና ምራቅ ወደ ጉሮሮ መውረዱን ትቶ ያለማቋረጥ ከአፍ እንደሚፈስ፣ ታማሚውም በአፉ ውስጥ የቀረውን የምግብ ፍርፋሪ ጠራርጎ ማውጣት እንደሚሳነው በግልጽ ጽፎአል። ከብዙ ዓመታት በኋላም ደዌው በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ ያደረገው ፈረንሳዊው ሊቅ ዣን ማርቲን ሻርኮ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈው ያ የፍርፋሪ ነገር ዛሬም በየቤቱ ሳይታሰብ መቅረቱ ያስደንቃል፤ ጥፋቱ ግን የሕሙማኑ ወይም የዘመዶቻቸው አይመስለኝም። የነርቭ ሐኪሙ አፍን ለጥርስ ሐኪሙ፣ የጥርስ ሐኪሙም ነርቭን ለነርቭ ሐኪሙ ሲተዉ፣ በሁለቱ መካከል የቆመው ሕመምተኛ ከአንዳቸውም ሳይነገረው ይቀራል።

ደዌው የሚነሣው በአንጎል መካከል ከሚገኝ፣ ሊቃውንት ስለ መልኩ ጥቁረት በላቲን ቋንቋ ሱብስታንሲያ ኒግራ ብለው ከሰየሙት ትንሽ ስፍራ ነው። በዚያ ያሉት ሕዋሳት ዶፓሚን የሚባለውን ቅመም እየሠሩ እንቅስቃሴን ለሚያስተካክሉት የአንጎል ክፍሎች ያቀብላሉ፤ የዶፓሚንን ሥራ በ1950ዎቹ መጨረሻ የገለጠው ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ2000 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ሲሆን፣ ሕሙማን ዛሬ የሚውጡት ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒትም ከዚያ ዕውቀት የተገኘ ነው። ስለ ሕዋሳቱ አሟሟት ብዙ ሊባል ይቻላል፤ ለጥርስ ጉዳይ ግን አንድ ነገር ማስተዋል ይበቃል፤ ይኸውም ይህ ደዌ አስቀድሞ የሚነጥቀው ሰው ሳያስብ የሚያደርገውን እንቅስቃሴ መሆኑን ነው። ጤነኛ ሰው ሲራመድ እጁን የሚያወዛውዘው፣ ዓይኑን የሚያርገበግበው፣ ምራቁንም ቀኑን ሙሉ የሚውጠው አስቦ አይደለም፤ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ግን እነዚህን ሁሉ ካላሰበባቸው በቀር አያደርጋቸውም፣ ወይም እጅግ አሳንሶ ያደርጋቸዋል። ጥርስ መቦረሽ አጫጭር፣ ፈጣንና ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ እንደ መሆኑ መጠን ከዚሁ ወገን ነው። ታማሚው ብሩሹን ይዞ በደኅና ይጀምራል፤ ጥቂት ቆይቶ እንቅስቃሴው እያጠረና እየዘገየ ሄዶ በመጨረሻ ብሩሹ በአንድ ጥርስ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ እርሱ ግን አፉን በሙሉ ያዳረሰ ይመስለዋል። በዚህም ላይ ብዙዎቹ ሕሙማን መንቀጥቀጡ ከመታየቱ ዓመታት አስቀድሞ የማሽተት ስሜታቸው የደከመ ስለሆነ፣ የአፋቸው ጠረን ሲለወጥ ራሳቸው ሊያውቁት አይችሉም፤ ሌላው ሰው ደግሞ አክብሮት ይዞት አይነግራቸውም።

ስለ ምራቅ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚሳሳትበት ይህ ነውና። ለሐጩ በአገጩ ላይ ሲወርድ የሚያይ ዘመድ ሁሉ «ምራቁ በዛ» ይላል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የጤነኛ ሰው አፍ በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ሲያመነጭ፣ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ የሚያመነጨው ብዙ ጊዜ ከጤነኛው ያነሰ ነው፤ ወደ ውጭ የሚፈሰውም መዋጡ ስለሚዘገይ፣ ከንፈሩ ሳይገጠም ስለሚቀር፣ አንገቱም ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ነው። የመዋጥ ጉድለት መሆኑ ሳይታወቅ ምራቁን ለማድረቅ ብቻ የተሰጠ መድኃኒት ችግሩን ወደ ጥርስ ያዛውረዋል። ለመንቀጥቀጡ የሚሰጠው አርታን፣ ለእንቅልፍና ለኀዘን የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም እንዲሁ አፍን የሚያደርቁ ናቸው። ስለዚህ አገጩ ርሶ፣ ሸሚዙ ረጥቦ የሚታየው ሽማግሌ በዚያው ሰዓት ምላሱ ከላንቃው የሚጣበቅበት፣ ከንፈሩ ዳርና ዳሩ የሚሰነጠቅበት፣ በአፉም ውስጥ ካንዲዳ የሚባለው ነጭ ሻጋታ የሚወጣበት ሰው ሊሆን ይችላል።

የምራቅ ማነስ ለጥርስ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያመጣ ለመረዳት፣ ምራቅ የተሰጠውን አገልግሎት ማወቅ ያሻል። በጥርስ ላይ የሚኖሩት ረቂቃን ተሕዋስያን ከምግብ ያገኙትን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ምራቅ ይህን አሲድ ያጥባል፣ ያበርዳል፣ ከጥርሱም የተሟሟውን ማዕድን መልሶ ያስቀምጣል። አሲዱ በርትቶ መለኪያው (ፒኤች የሚባለው) ከ5.5 በታች ሲወርድ የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን መሟሟት ይጀምራል፤ የጥርሱ ሥር ግን ያ ሽፋን የሌለው ስለሆነ አሲዱ ገና ሳይበረታ ይሟሟል። በእርጅና ድዱ የሸሸበት ሰው ጥርስ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ሥሩን ያራቆተበትን ዛፍ ስለሚመስል፣ መበስበሱም የሚጀምረው ላዩን በሚያኝከው ክፍል ላይ ሳይሆን ከድዱ አጠገብ፣ ለዓይን በማይጋለጠው ስፍራ ነው፤ ሲገዘግዝ ቆይቶም አንድ ቀን ጥርሱ እንጀራ ሲታኘክበት ከወገቡ ይቀነጠሳል።

ለምራቁ የሚደረገው ነገር ቀላል ነው። ሳያስቡ ይደረግ የነበረው አሁን በማሰብ መደረግ አለበት፤ ታማሚው ከመናገሩ በፊት፣ ከወንበር ከመነሣቱም በፊት ምራቁን ይዋጥ፤ አገጩን ቀና ያድርግ፤ የመዋጥ ችግሩ ገና ያልበረታ ከሆነ ስኳር የሌለበት ማስቲካ ማኘክ መዋጥን ያስታውሰዋል። አፉ የደረቀበትም ውሃ በትንሽ በትንሹ ይጎንጭ። የለሐጩ ብዛት ሰው ፊት መውጣት እስኪያሳፍር ድረስ ከደረሰ፣ የነርቭ ሐኪሙ ቦቱሊነም የተባለውን መድኃኒት በምራቅ ዕጢዎቹ ውስጥ በመርፌ በመስጠት ለጥቂት ወራት ሊቀንሰው ይችላል፤ ይህ ግን ጥርስን ለበለጠ ድርቀት የሚያጋልጥ መሆኑን የጥርስ ሐኪሙ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ስለ ምግብ ደግሞ ሳላነሣ አላልፍም፤ በእኛ አገር ፍቅር የሚገለጸው በጣፋጭ ነውና። አባት ወይም እናት ሲታመሙ ልጆች ሻዩን በስኳር አብዝተው፣ አጥሚቱን በማር አጣፍጠው፣ ኪሎ እንዳይቀንሱ በማሰብ በየሰዓቱ ያቀርባሉ። የሚያስቡት መልካም ነው፤ ክብደት መቀነስም በዚህ ደዌ በእርግጥ የሚያሰጋ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ጥርስን የሚጎዳው ከስኳሩ መጠን ይልቅ የጊዜው ድግግሞሽ ስለሆነ፣ ጣፋጩ ከምግብ ጋር በአንድ ማዕድ ቢሰጥና በመካከሉ ያለው ጊዜ ለውሃ ብቻ ቢተው ሁለቱም ይጠበቃሉ። ቆሎ ለእነዚህ ሕሙማን የማይስማማ ነው፤ የደከመ ጥርስ ይሰብራል፣ ተበትኖም ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። ጉርሻም ቢሆን፣ ማጉረስ የክብር ልማዳችን መሆኑ ሳይቀር፣ መጠኑ ያነሰ፣ በወጥ የራሰ፣ የፊተኛው መዋጡ ሳይታይ ሁለተኛው የማይከተለው መሆን ይገባዋል። በጾም ወራት ከቀትር በኋላ ድረስ ውሃ ሳይቀምሱ፣ ኪኒናቸውንም ትተው የሚውሉ አረጋውያን አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ለድውያን ሥርዓቱን እንደምታቀል የንስሐ አባታቸው በራሳቸው አንደበት ቢያስረዱዋቸው ከልጆቻቸው ልመና ይልቅ ይሰማሉ። ለጠበል የሚሄዱትም እንዲሁ መድኃኒታቸውን እየዋጡ ቢጠመቁ የሚሻል ነው፤ ሌቮዶፓን በድንገት ማቋረጥ ብርቱ አደጋ አለበትና።

አሁን ወደ እጅ እንመለስ። አስቀድሞ የሚታሰበው ሰዓት ነው፤ ሌቮዶፓ የሚውጥ ሰው መድኃኒቱ የሚሠራበትና የሚደክምበት ጊዜ በቀኑ ውስጥ ስለሚፈራረቅበት፣ ከእንቅልፉ እንደተነሣ አካሉ ደርቆ ሳለ ከብሩሽ ጋር ከመታገል፣ ኪኒኑን ውጦ አካሉ እስኪፍታታለት ድረስ ቢታገሥ ሥራው ይቀልለታል። ሁለተኛው አቀማመጥ ነው፤ ቆሞ ሚዛኑን ለመጠበቅ ከሚደክም፣ በወንበር ተቀምጦ ክርኑን በጠረጴዛ አስደግፎ ቢቦርሽ እጁ ይጸናል። ቀጭን እጀታ ለሚንቀጠቀጥ ወይም ለደረቀ እጅ አይያዝም፤ ስለዚህ እጀታውን በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ጠቅልሎ በላስቲክ ማሰር፣ ወይም ትንሽ የጎማ ኳስ በስቶ ብሩሹን በመካከሉ ማሳለፍ፣ ወይም የብስክሌት መሪ መጨበጫ ማልበስ ይቻላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ብሩሽ ራሱ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ከታማሚው የሚፈልገው ከጥርስ ወደ ጥርስ ማዛወሩን ብቻ ነው፤ አቅም ላለው ቤተ ሰብ ከማንኛውም ስጦታ እርሱን እመርጥለታለሁ። ምን ያህሉን እንዳዳረሰ ራሱ ስለማያውቀው፣ በመስተዋት ፊት ሆኖ «ላይ ቀኝ፣ ላይ ግራ፣ ታች ቀኝ፣ ታች ግራ» እያለ በቃሉ እየቆጠረ ቢቦርሽ፣ የጠፋውን የልማድ እንቅስቃሴ በአሳብ ይተካዋል።

መፋቂያችንን አለማንሣት ግፍ ይሆንብኛል። ከወይራ፣ ከልምጭና ከሌላውም ዛፍ የሚቆረጠው መፋቂያ ለጤነኛ እጅ መልካም መሣሪያ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ልማዱ ባለባቸው አገሮች እንዲሠራበት የደገፈው ነው። ነገር ግን በፓርኪንሰን ሕመምተኛ እጅ ሦስት እንከን አለበት። ቀጭን ስለሆነ አይጨበጥም፣ ጥርሱንም ከውስጥ በኩል፣ ማለት ከምላስ ወገን፣ ለማዳረስ ጣትን እንደልብ ማጠፍ ይጠይቃል፤ ከሁሉም የሚከፋው ግን የሚላላጠው ጭረት ተሰብሮ በጉሮሮ ሊገባ መቻሉ ነው። መዋጥ እስካልተቸገረ ድረስ የለመደውን መፋቂያ ከሽማግሌው እጅ የሚነጥቅ ሰው መሆን አይገባም፤ በማታ ግን ብሩሹና የጥርስ ሳሙናው ይከተለው።

የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ያለበት ይሁን። በተለመደው ሳሙና ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 1,000 እስከ 1,500 የሚሆነው ፍሎራይድ ሲሆን፣ አፋቸው ለደረቀና የጥርሳቸው ሥር ለተራቆተ ሰዎች በአንዳንድ አገሮች ሐኪሞች 5,000 የሚደርሰውን ያዝዛሉ። ከቦረሹ በኋላ አረፋውን መትፋት እንጂ በውሃ መጉመጥመጥ አያስፈልግም፤ በጥርሱ ላይ የሚቀረው ጥቂቱ ፍሎራይድ ነው ሥራ የሚሠራው። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ያደጉ አንባቢዎች እዚህ ላይ ቅር ሊላቸው ይችላል፤ የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ በዝቶበት ጥርሳቸውን ያጠቆረው፣ የአንዳንዶቹንም አጥንት ያደረቀው ይኸው ፍሎራይድ አይደለምን? በእርግጥ እርሱ ነው፤ ነገር ግን ጥርስን የሚያጠቁረው በልጅነት፣ ጥርስ ገና በመንጋጋ ውስጥ ሲበጅ የሚዋጠው ነው። የበቀለውን ያዋቂ ጥርስ ከላይ የሚነካውና የሚተፋው ያጠነክረዋል እንጂ አይጎዳውም።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ጥርስን ስለ ማዳን ነበረ። ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ግን ያለው በሳንባ ነው። በደዌው መጨረሻ ዘመን ብዙዎቹን የፓርኪንሰን ሕሙማን የሚወስዳቸው የሳንባ ምች ነው፤ ምቹም ብዙ ጊዜ የሚነሣው ምራቅና ምግብ ወደ ሆድ በመውረድ ፈንታ ወደ አየር ቧንቧ ሲያመልጡ ነው። በጤነኛ ሰው ይህ ሲደርስ ትን ብሎት ያስለዋል፤ በእነዚህ ሕሙማን ግን የሳል ኃይል ስለሚደክም፣ ሳል ሳይሰማ፣ ፊት ሳይለወጥ፣ በተለይም በእንቅልፍ ጊዜ፣ ምራቁ በዝግታ ወደ ሳንባ ይሰርጋል። ያን ጊዜ ጉዳዩ የሚሰርገው ምራቅ ምን ይዞ ይወርዳል የሚለው ነው፤ ያልጸዳ አፍ ምራቅ በተሕዋስያን የተሞላ ነውና።

በዚህ ነገር ላይ የጃፓን ሐኪሞች ያደረጉት ምርምር ሊጠቀስ የሚገባው ነው። በ11 የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች የሚኖሩትን በሁለት ወገን ከፍለው፣ የአንደኛው ወገን አረጋውያን ከየማዕዱ በኋላ ጥርሳቸው በአስታማሚዎች እንዲቦረሽ፣ በሳምንት አንድ ጊዜም በጥርስ ሐኪም ወይም በረዳቱ እንዲጸዳ አደረጉ፤ ሁለተኛውን ወገን በነበረው ልማድ ተዉት። ዮኔያማና ባልደረቦቹ በ2002 እንዳስታወቁት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አፋቸው ከተጠበቀላቸው 184 ሰዎች በሳንባ ምች የተያዙት 21 ሲሆኑ፣ ካልተጠበቀላቸው 182 ሰዎች ግን 34 ሆኑ። እነዚህ ሰዎች ሁሉም ፓርኪንሰን የያዛቸው አልነበሩም፤ ነገር ግን መዋጥ የደከመው አረጋዊ ሁሉ የሚካፈለው አንድ አደጋ ስለሆነ ትምህርቱ ለእኛም ይሠራል። ከብሩሽ፣ ከጥቂት ደቂቃዎች ትዕግሥትና ከጥርስ ሐኪም እርዳታ በቀር ምንም የማይጠይቅ ነገር ይህን ያህል ምች ካስቀረ፣ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ሊጻፍ የተገባው ነው።

ታማሚው ራሱ መቦረሽ ሲሳነው ሥራው ወደ አስታማሚው ያልፋል፤ ይህም በብዙ ቤት ልጅ የአባቱን አፍ የሚከፍትበት ጊዜ ስለሆነ፣ ከሥራው ይልቅ ማፈሩ ይከብዳል። «አባዬ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ» ብሎ መጠየቅ፣ የሚደረገውንም ሁሉ አስቀድሞ መናገር፣ ብሩሹን በእጃቸው አስይዞ እጃቸውን በእጅ ደግፎ መምራት፣ ክብራቸውን ይጠብቃል፤ ያላቸውንም ኃይል አያስረሳቸውም። በጀርባቸው ተንጋለው መቼም አይቦረሽላቸው፤ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አገጫቸው ጥቂት ወደ ደረታቸው ዝቅ ብሎ፣ አስታማሚው ከኋላ ወይም ከጎን ቆሞ ጭንቅላታቸውን በክንዱ ደግፎ ይሥራ። ብሩሹ ትንሽና ለስላሳ፣ ሳሙናው የአተር ፍሬ የሚያህል፣ የሚቻል ከሆነም አረፋ የማያበዛ ይሁን። መትፋት የማይችሉትን ውሃ ሞልቶ ማስጉመጥመጥ አደገኛ ነው፤ አረፋውን ውሃ በነካው ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጎዝ ጠርጎ ማውጣት ይበቃል። አልኮል ያለበት የአፍ ማጠቢያም ድርቀቱን ስለሚያብስ አይመከርም። አፋቸው እየተገጠመ የሚያስቸግር ቢሆን ጣትን በጥርስ መካከል አያስገቡ፤ ተጠቅልሎ የተወፈረ ጨርቅ በአንድ ወገን ማስነከስ ይሻላል። ድዱ ሲደማ ብዙ ሰው ፈርቶ መቦረሹን ይተዋል፤ የሚደማው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይጸዳ ስለቆየ ነውና በልስላሴ መቀጠል ያስፈልጋል። ከምግብ በኋላ በጉንጭና በድድ መካከል ያለውን ኪስ በመብራት መመልከት ደግሞ አይረሳ፤ በቁርስ ጊዜ የጎረሱት እንጀራ እስከ ምሳ በዚያ ተቀምጦ የሚገኝበት ቀን ብዙ ነው።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላቸው ሕሙማን ጥርስ ስለሌላቸው ከዚህ ሁሉ ነጻ አይደሉም። ተነቃዩ ጥርስ በቦታው የሚጸናው በምራቅና በጉንጭ ጡንቻ ስለሆነ፣ ሁለቱም ሲደክሙ ይላላል፣ ድዱንም ያቆስላል። ሌሊት ወጥቶ፣ በሳሙናና በብሩሽ ታጥቦ፣ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ይደር፤ አውልቆ መተኛት ለሳንባም የሚበጅ ነው።

ወደ ጥርስ ሐኪም ሲሄዱ የሚዋጡትን መድኃኒቶች ሁሉ ዝርዝር በወረቀት ጽፎ መያዝ ግዴታ ነው፤ ምክንያቱን ላስረዳ። ሴሌጊሊን ወይም ራሳጊሊን የተባለውን የፓርኪንሰን መድኃኒት ለሚውጥ ሰው ፔቲዲን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ መስጠት ለሞት የሚያደርስ መጋጨት ሊያመጣ ይችላል፤ ትራማዶልም እንዲሁ የሚያሰጋ ነው። ለማቅለሽለሽ በየፋርማሲው የሚሸጠው ፕላሲል ዶፓሚንን ስለሚቃወም ደዌውን ያብሰዋል። ኤንታካፖን የተባለውን የዚሁ ደዌ መድኃኒት ለሚውጥ ደግሞ በማደንዘዣው ውስጥ ያለው አድሬናሊን የልብ ምቱን ከመጠን በላይ ሊያስሮጠው ስለሚችል ሐኪሙ መጠኑን ይቆጥባል። እነዚህን ሁሉ የጥርስ ሐኪሙ የሚጠነቀቀው ካወቀ ብቻ ነው።

ቀጠሮውም በጠዋት፣ የሌቮዶፓው ኪኒን ከተዋጠ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ እንዲሆን ይለመን፤ ሥራው ረዥም ከሆነ በሁለትና በሦስት አጭር ቀጠሮ ይከፈል። ወንበሩ ጨርሶ አይዘርጋ፤ ሲነሡም የደም ግፊታቸው በድንገት ሊወርድ ስለሚችል ጥቂት ጊዜ ተቀምጠው ይቆዩ። ጥርስ ለመሙላት መሰርሰሪያውን ለማይችል አፍ በእጅ መሣሪያ ብቻ የበሰበሰውን ጠርጎ ፍሎራይድ በሚያመነጭ ማጣበቂያ የሚሞላበት ዘዴ አለ፤ በ1980ዎቹ መካከል በታንዛንያ የተጀመረ ነው። የበሰበሰውን ስፍራ ቀብቶ የሚያቆመው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድም አለ፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ከመሠረታውያን መድኃኒቶች መዝገብ ያገባው ነው። የተቀባውን ስፍራ ያጠቁረዋል፤ ሆኖም ለሚንቀጠቀጥና ለደከመ ሰው መርፌና መሰርሰሪያ ሳይነካው ሥቃዩ ከተከለከለ፣ የጥርሱ መጥቆር ለእኔ የሚያስመርጥ ነገር አይደለም።

በመጨረሻው ዘመን ድምፅ ያንሳል፤ ፊትም ደስታና ኀዘን የማይነበብበት ሆኖ ይጸናል፤ በአንዳንዶቹም ላይ የመርሳት ደዌ ይጨመራል። ያን ጊዜ «ጥርሴን አመመኝ» የሚል ቃል አይጠበቅም። ሲበላ የነበረው ምግብ ሲጠላ፣ በአንድ ወገን ብቻ ሲያኝክ፣ እጁ እየተመላለሰ ጉንጩን ሲነካ፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ገራም የነበረው ሰው አፉን ሲነኩበት ሲቆጣ፣ መንቀጥቀጡም ያለ ምክንያት ሲጨምር፣ አስታማሚው የጠባይ ለውጥ ነው ብሎ ከማለፉ በፊት መብራት ይዞ አፉን ይመልከት።

አንባቢ ሆይ፤ በቤትህ ይህ ደዌ የታወቀበት ሰው ካለ፣ ጥርሱ ገና አላመመውም ብለህ አትቆይ። አፉን መክፈትና ፈቃዱን መናገር በሚችልበት በዚህ ዘመን ወደ ጥርስ ሐኪም ወስደህ አፉን በሙሉ አስመርምረው፤ የሚሞላው ይሞላ፣ ሊድን የማይችለው አሁን ይነቀል፣ ከዚያም በኋላ በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ የሚመለስበትን ቀጠሮ በሐኪሙ አስወስን። አዲስ አበባ የምትኖር ብትሆን የፓርኪንሰን ሕሙማንንና አስታማሚዎቻቸውን የሚረዳ ማኅበር በከተማው ይገኛልና ጠይቀው።